ባሌ ወንድሜ የተባለበት ዓመት

ባሌ ደበበ በሞተ ጊዜ ወንድሜ ተብሎ ተመዘገበ። ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። በደለኛው ማን ነው ብባል ግን ጣቴን የምቀስርበት ሰው የለኝም። ቃሉን የተናገረችው ሴት ለእኔ ብላ ነው፤ የጻፈው ሰው የሰማውን ነው የጻፈው፤ እንቢ ያሉኝም የታዘዙትን ነው ያሉት። ሁሉም ልክ ሆነው እኔ ብቻ እንዴት ባል እንዳልነበራት ሴት ሆኜ እንደቀረሁ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ዘውዴ እባላለሁ፤ ዘንድሮ ጉልበቴ ስለከዳኝ ሥራ አቆምኩ። ጁበይሃ በሚባለው የአማን ሰፈር ባለችው አንድ ክፍሌ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተማርኩት በሰው ቤት ነው። ስለዚህ ሥራዬን ካላስቀደምኩ ነገሩን መናገር አልችልም።

አማን የመጣሁት በመክተብ ነው፤ ሠራተኛ የሚያስመጣውን ቢሮ እንዲያ ነው የምንለው። መክተቡ ወረቀቴ ላይ «ያላገባች» ብሎ ጻፈ። የልጄ የሔለን አባት ጥሎን ከሄደ ቆይቶ ስለነበር፣ እውነት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ያ ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ተከትሎኝ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

መጀመሪያ የገባሁት አብዱን በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ነው። ስወጣም ስገባም በቤቱ መኪና ስለነበር ከተማዋን የማውቃት በመስታወት ነው፤ መስታወቱንም የምወለውለው እኔው ነበርኩ። እዚያ ቤት ከእኔ በፊት የገቡ እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ የወለጋ ሴት ነበሩ። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ከደረቅ ጀምሪ» ይሉኝ ነበር። የአማን አቧራ የድንጋይ አቧራ ነው፤ ውኃ ቀድሞ ካገኘው ጭቃ ሆኖ ጥግ ጥጉን ይይዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ የመጋረጃው ብረት፣ ቀጥሎ የበሩ ጉበን፣ ውኃ በመጨረሻ። ውኃውን ወደ ማፍሰሻው የምንነዳበት ባለ ጎማ እንጨት ቀሻጣ ይባላል። እትዬ ጥሩነሽ ወለል መጥራቱን በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው ነበር የሚያውቁት። «ጎማው ከጮኸ ጠርቷል፤ ዝም ካለ ሳሙና አለ።» እስከ ዛሬ ዝም ያለ ወለል አላምንም።

ከሁሉ በላይ ግን የማልረሳላቸው አንድ ልማድ ነበራቸው። ሥራ ሲያልቅ ሽርጣቸውን አይፈቱም። የቤቱን እመቤት፣ ማዳሟን፣ ይጠሩና ከክፍል ወደ ክፍል አብረዋት ይዞራሉ። በእያንዳንዱ ክፍል መካከል ላይ ይቆማሉ፣ ይጠብቃሉ። ማዳሟ ራሷን ብትነቀንቅ አይንቀሳቀሱም። «ንጹሕ ነው» ብላ በአፏ ስትናገር ብቻ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

«እትዬ፣ ምን አደከመዎት? እያየችው አይደል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ራስ መነቅነቅ ነገ ይካዳል፤ አፍ ግን ያወጣውን ያውቃል» አሉኝ።

ልማዱ ለደጉ ቀን ብቻ እንዳልሆነ ያየሁት ደረጃውን ያበላሸሁ ዕለት ነው። የቤቱ መግቢያ ዕብነ በረድ ነበር። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቸኮልኩ፤ የመጸዳጃ ቤት ዝገት የምናስለቅቅበትን ፍላሽ የሚባል አሲድ በጨርቅ ነክሬ አሻሸሁበት። ድንጋዩ ፈላ። አረፋው ሲጠረግ እንደ ለምጽ ያለ ነጭና ሻካራ ቦታ ቀረ። ምንጣፉን ልስብበት ስል እትዬ ጥሩነሽ እጄን ያዙኝ።

«ማዳሟን ጥሪያት።»

«ትገድለኛለች።»

«አትገድልሽም። ንጹሑን ስታሳዪ የቆምሽበት እግር የተበላሸውንም ስታሳዪ ይቁም።»

ማዳሟ መጣች። እትዬ ጥሩነሽ ከአጠገቤ ቆመው «ተቃጥሏል» እስክትል ድረስ ጠበቁ። የሁለታችንም የዕረፍት ቀን ለብዙ ጊዜ ተነሣ። ባለሙያ መጥቶ ድንጋዩን ቢሞርደውም አልተመለሰም። እዚያ ቤት እስከነበርኩ ድረስ በየማለዳው በዚያ ነጭ ቦታ ላይ አልፌ እሄድ ነበር።

ደበበን ያገኘሁት በኅብረታችን ነው። ኅብረት የምለው፣ ዓርብ ዓርብ በተከራየነው ምድር ቤት ለጸሎት የምንሰበሰበውን የአገር ልጆች ነው። ደበበ ሥራው የሆቴል አንሶላና ሸሚዝ መተኮስ ነበር። እጁ ሁልጊዜ ይሞቃል፤ በክረምት እጄን ለማሞቅ ስል ብቻ ያገባሁት ይመስለው ነበር።

ልንጋባ ስንል አስቀድመን ወደ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በዚህ አገር ጋብቻ የሚጸናው መንግሥት ያወቀው ቤተ ክርስቲያን ወይም ፍርድ ቤት ውሉን ሲጽፍ ነው፤ ውሉን ዐቅድ ይሉታል። ቄሱ የከፊሌን ፈቃድ አምጪ አሉኝ። ከፊል ማለት የመኖሪያ ፈቃድሽን በስሙ የያዘልሽ አሠሪ ነው። የአብዱኑ ጌታዬ ሲሰሙ ሳቁ።

«እኔ ያስመጣሁት ሠራተኛ ነው፤ ሙሽራ አይደለም።»

እኛም ወደ ኅብረታችን ተመለስን። ሽማግሌዎቹ አቆሙንና ጉባኤውን «ባልና ሚስትነታቸውን ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ጉባኤው ቆሞ «እናውቃለን» አለ። ከሁሉም በላይ ድምፃቸው የተሰማው የእትዬ ጥሩነሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ሚስትነቴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቆመን ታይተናል፣ በአፍ ተነግሯል፤ ከዚህ በላይ ምን አለ? እግዚአብሔርና ጉባኤው ካወቁ መንግሥትም ውሎ አድሮ የሚያውቅ መስሎን ነበር።

የአብዱኑ ውል ሲያልቅ ኡም ኡዘይና በሚባል ሰፈር የምትኖር ኡም ሰሚር የምትባል ሴት ተቀበለችኝ። ፈቃዴን በስሟ ያዘችልኝ፣ ማደሪያዬ ግን ከደበበ ጋር ጁበይሃ እንዲሆን ተስማማች። በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ለእሷ እሠራለሁ፤ በቀሩት ቀናት በሰዓት እየተከፈለኝ ሌላ ቤት እሠራለሁ። እትዬ ጥሩነሽ በዚያው ሰሞን ጠቅልለው አገር ገቡ፤ ልማዳቸውን ግን ለእኔ ትተውት ሄዱ። የኡም ሰሚር ቤት በጋዝ ሶባ ስለሚሞቅ ክረምቱ ሲያልቅ ጣሪያው ጢስ ይይዛል። ጢሱ የሚነሣው በደረቅ ዳቦ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ካስነኩት ይቀባል። ትልቁን እጥበት ደግሞ የመንግሥት ውኃ በሚመጣበት ቀን እናደርገዋለን፤ በሌላው ቀን የጣሪያው በርሜል ካለቀ ለሳምንት ፊት መታጠቢያም የለም።

ኡም ሰሚር ምላሷ ስለታም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከክፍል ክፍል ሳዞራት «እኔ የቤቴ ባለቤት ነኝ ወይስ ጎብኚ?» ትለኝ ነበር። በኋላ ለመደችው፤ ሥራ ስጨርስ ጫማዋን ተጫምታ ትጠብቀኝ ጀመር።

ባሏ አቡ ሰሚር የሞቱት እኔ እዚያ ቤት ሳለሁ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። የለቅሶውን ወንበር አጥቤ ሳልጨርስ ልጃቸው ሰሚር አንድ ጠዋት ወጥቶ ተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ የሟቹ ጡረታ ለኡም ሰሚር ይመጣላት ጀመር። ሚስቱ ነሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። በሕይወት ሳሉ «አንተ ባሌ አይደለህም» ስትላቸው ስንት ጊዜ እንደሰማሁ የማውቀው እኔ ነኝ።

ከደበበ ደመወዝም በየወሩ ይቆረጥ ነበር፤ ዳማን ይባላል። ለእርጅናና ለሞት ጊዜ መንግሥት የሚያስቀምጠው ነው።

«ካረጀሁ አብረን እንበላዋለን» አለኝ ደበበ፣ ምን እንደሆነ ስጠይቀው። «ከሞትኩ ብቻሽን ትበዪዋለሽ።»

«እንግዲያው አትሙት። ብቻዬን መብላት አልወድም» አልኩት።

ኮሮና ሲመጣ ሳይረን ተነፋና ከተማው ሁሉ ቤቱ ገባ። በሰዓት የሚሠራ ሰው ሥራው የሰው በር ነው፤ በሩ ሁሉ ተዘጋ። የደበበ ሆቴል ግን ከውጭ የሚመለሱ ሰዎች ተነጥለው የሚቆዩበት ሆነ። መንቀሳቀሻ ፈቃድ ሰጡት፣ ማንም ሊነካው የማይፈልገውን አንሶላ እሱ ይተኩስ ነበር። በጋው አለፈ፣ እገዳው ላላ፣ እኔም ወደ ኡም ሰሚር ተመለስኩ። ደበበ የታመመው ከዚያ በኋላ፣ ብርዱ ሲገባ ነው። ሳሉ ልብሱን እንኳ አላስወልቅ አለው፤ ወደ ሆስፒታል ወሰዱት።

ተከትዬ ሄድኩ። የበሩ ጠባቂ «ምኑ ነሽ?» አለኝ።

«ሚስቱ።»

«ዐቅድ?»

ለኡም ሰሚር ደወልኩላት። «ስልኩን ስጪው» አለችኝ። የምትለውን ቆሜ ሰማሁ። «የቤቴ ሠራተኛ ናት። ወንድሟ ነው የታመመው፤ ከእሱ በቀር ሰው የላትም። አስገባት፣ አላህ እናትህን ያቆይልህ።» ጠባቂው ጻፈና በሩን ከፈተልኝ። በዚያች ሰዓት ወንድም ሆነ አጎት ግድ አልነበረኝም፤ በሩ መከፈቱን ብቻ ነው ያየሁት።

ደበበን በመስታወት አየሁት። እኔ መስታወት የማጸዳ ሴት ነኝ፤ ያኛው ግን እንዴት እንደሚያልፉት አላወቅሁም። በስልክ አናገረኝ።

«አንሶላው አልተተኮሰም» አለኝ።

ከቀለደ ይድናል ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልክ ተደወለ። ከሆስፒታሉ አንዲት ሴት በትሕትና «ወንድምሽ ዐረፈ፣ አላህ ያጽናሽ» አለችኝ። ወንድም የለኝም ልላት ነበር። ከዚያ ገባኝ።

የቀብሩ ቀን ጥቂት ሰዎች በሩቅ እንድንቆም ተደረግን። የሞቱ ወረቀት ላይ ሟቹ ያላገባ፣ አሳዋቂዋ እህቱ ይላል።

ዳማን መሥሪያ ቤት ስሄድ ወረፋው ግቢ ውስጥ ነበር፤ አንዱ ከአንዱ ርቆ፣ አፉን ሸፍኖ ይቆማል። በመስኮቱ የነበረችው ወጣት ሴት ጨዋ ነበረች፤ «ያ ኻልቲ» ትለኛለች፣ አክስቴ እንደማለት ነው።

«እህት ከሆንሽ፣ ያ ኻልቲ፣ ድርሻ የለሽም።»

«እህት አይደለሁም፤ ሚስት ነኝ።»

«ሚስት ከሆንሽ ዐቅድ አምጪ።»

«ዐቅድ የለኝም፤ ጉባኤ አለኝ።»

ልጅቷ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። ጓደኛዋ ወደ ፍርድ ቤት ሂጂ አለችኝ። ፍርድ ቤቱ በኮሮና ተዘግቷል፤ ሲከፈት ደግሞ የእናንተ ሃይማኖት ጉዳይ እኛ ጋ አይታይም አሉኝ። ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ያላጋባነውን አጋብተናል አንልም አለ፤ እውነታቸውን ነው። ቆንስላው ሚስትነት ከአገር ቤት ነው የሚረጋገጠው አለኝ። አገር ቤት ያለችውን ልጄን ሔለንን ወደ ፍርድ ቤት ላክኋት፤ አብረው ሲኖሩ ያዩ ምስክሮች ይቅረቡ አሏት። ያዩትማ ሁሉ አማን ናቸው፤ አውሮፕላኑም እንደ ልብ አይበርም። እትዬ ጥሩነሽ ብቻ አገር ቤት ነበሩ። እሳቸውን ፍለጋ ሔለን ወለጋ ድረስ ስልክ ስታስደውል መሞታቸውን ነገሯት።

ያን ዕለት ማታ ተኝቼ የማን ስሕተት እንደሆነ ላስብ ሞከርኩ። የመክተቡ ነው? የከፊሌ ነው? የበሩ ጠባቂ ነው? አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። ገንዘቡን እፈልገዋለሁ፣ አልዋሽም፤ ጉልበቴ እያለቀ ነው፣ ሌላ ጡረታ የለኝም። ግን ከእንቅልፌ የሚያነቃኝ ገንዘቡ አልነበረም። ያላገባ የሚለው ነው። ሰውዬው አግብቷል።

እንደገና ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ኃላፊውን እስካገኝ ከወረፋው አልወጣም ብዬ ቆምኩ። ኃላፊው፣ ሙዲሩ፣ የአፍ መሸፈኛው ሁልጊዜ ከአፍንጫው በታች የሚወርድ ሽማግሌ ነበር። ሰማኝ። «ሁሉም ከመጀመሩ በፊት ‘እህት’ የሚለው መነሣት አለበት» አለኝ። «የተናገረው ሰው ይምጣና ያንሣው።»

የተናገረው ሰው ኡም ሰሚር ናት። ኡም ሰሚር ኮሮና ከገባ ወዲህ ከደጃፏ አልወጣችም፤ ዳቦውን እንኳ በቅርጫት ከሰገነት አውርዳ ነው የምትቀበለው። ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«ዋሽታለች ቢሉኝስ? ፈቃድሽ በስሜ ነው። ሠራተኛዬ ከሰው ጋር እንደምትኖር አውቄ ዝም ማለቴን ራሴ ልናገር?»

«አዎ።»

«ያ ዘውዴ፣ እኔ አንቺን ለማስገባት ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። በሩ ተከፍቶልኛል፣ አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ ይዘጋልኝ።»

«ጡረታዬን ቢነኩብኝስ? ሰሚር ቢሰማ ይገድለኛል።»

እንደ እትዬ ጥሩነሽ «አይገድልሽም» ማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን የልጇን ጠባይ አላውቅም፣ የማላውቀውን አልናገርም። ወደ ሥራዬ ገባሁ። ውኃ የሚመጣበት ቀን ነበር፤ ሳሎኑን፣ ኮሪደሩን፣ መኝታ ቤቱን፣ ሰገነቱን አጠብኩ፣ ቀሻጣው እስኪጮኽ። ስጨርስ ሽርጤን ሳልፈታ ጠራኋት። ጫማዋን ተጫምታ መጣች።

ሳሎኑ ላይ ቆምኩ። «ንጹሕ ነው» አለች። ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። «ንጹሕ ነው።» መኝታ ቤቱ ውስጥ የአቡ ሰሚር ፎቶግራፍ ከግድግዳው ላይ አለ፤ መስታወቱን ወልውዬዋለሁ። እዚያም ቆምኩ።

«ንጹሕ ነው» አለች።

አልተንቀሳቀስኩም።

«ምን ቀረሽ?»

«ደበበ ምኔ ነበር?»

ራሷን ነቀነቀች። እኔም ቆምኩ። ፎቶግራፉን አየች፣ እኔን አየች።

«አንቺ ሴት፣ በገዛ ቤቴ ችሎት አቆምሽብኝ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ባልሽ ነበር።»

በማግስቱ ታክሲ ያዝን። መስኮቶቹን ሁሉ አስከፈተች፤ ሁለት የአፍ መሸፈኛ ደርባ አድርጋ፣ በእጅ ጓንት ክንዴን ይዛ ዳማን መሥሪያ ቤት ገባች። ሙዲሩ ፊት ቆመች።

«በስልክ እህቱ ናት ያልኩት እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ። ሚስቱ ናት፤ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ቤቴ መጥተው አብረው በልተዋል። ልታስሩኝ ከሆነ ወንበር ስጡኝና እሰሩኝ።»

ሙዲሩ ወንበር አስመጣላት። «ማንም አያስርሽም፣ ያ ሐጃ» አላት፣ እንደ ትልቅ ሴት አክብሮ። ጻፈ፣ አስፈረማት። እኔን «እንደውልልሻለን» አለኝ።

ወራት አለፉ። ስልኩ ሳይደወል ሲቀር ራሴ ሄድኩ። ሙዲሩ አወቀኝ፣ ወንበር አሳየኝ፤ አልተቀመጥኩም። መሸፈኛው እንደ ወትሮው ከአፍንጫው በታች ነው። ኮምፒዩተሩን ብዙ ጊዜ አየ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«በአፍህ ንገረኝ» አልኩት።

«ምን?»

«እኔ እንዲህ ነው የተማርኩት። የምታየውን በአፍህ ንገረኝ።»

መነጽሩን አወለቀ። «እኔ የማየው ባሏ የሞተባት ሴት ነው» አለኝ። «መሥሪያ ቤቱ ደግሞ እህት የሚለውን አንሥቷል፤ ያላገባ የሚለውንም አንሥቷል።»

«በቦታው ምን ተጻፈ?»

መነጽሩን መለሰና ቀስ ብሎ አነበበልኝ።

«ሚስቱ ነኝ የምትል አለች፤ የአገሯ ዳኛ እስኪናገር ድርሻው ለማንም አይሰጥ።»